መዝገብ ቤት የገባው ፕሪንተር

ጃማ ተወልዶ ባደገባት ጂግጂጋ «የዐናብ ባል» ተብሎ ሲጠራ በጆሮው የሰማው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወተት ሊገዛ በወጣበት ነው። የግመል ወተት የምትሸጠው ሴትዮ ሊትሩን ለሰው ሁሉ በሦስት ብር ስትሸጥ ቆይታ የእሱ ተራ ሲደርስ ቀና ብላ አየችውና የዐናብ ባል አይደለህም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ነኝ ሲላት ሁለት ብር ከሃምሳ ብቻ ተቀበለችው። ዐናብ ለወተት ሻጮቹ ማኅበር በኮምፒውተር የጻፈችው ማመልከቻ በአሥራ አንድ ቀን መልስ አምጥቶ፣ ሴቶቹ ከፀሐይና ከአቧራ የሚያስጥል የቆርቆሮ ዳስ ተፈቅዶላቸው ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጃማ በሃምሳ ሳንቲሙ ደስ ብሎት በሄደ። ግን ለዚያው ዳስ፣ ለእነዚያው ሴቶች፣ እሱ ራሱ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ በእጁ ጽፎላቸዋል። ያ ሁሉ «ክቡር ሆይ»፣ ያ ሁሉ «በታላቅ ትሕትና እናመለክታለን»፣ ያ ከተማው ሁሉ የሚያደንቀው የእጅ ጽሕፈት፣ አንድ ቆርቆሮ አላመጣም። እውነቱን ለመናገር መልስ የመጣው ጉዳዩን የያዙት ሰውዬ ስለተቀየሩ ነው፤ ይህን ግን ወተት ሻጯም አታውቅም፣ ጃማም ለማስረዳት አፉን መክፈት አፈረ። ወተቱን ይዞ በአቧራው ውስጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ቀንቶ ነበር። ነገሩን ማሽሞንሞን አያስፈልግም። ባል ቀና ሲባል ሰው ወዲያው ሌላ ወንድ ይፈልጋል፤ እዚህ ሌላ ወንድ የለም። ጃማ የቀናው በዐናብ በራሷ ላይ ነው፤ በጣቷ፣ በስሟ፣ የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊ በሩን ከፍተው «ዐናብ የለችም?» ሲሉ በሚሰማው ድምፅ ላይ ነው። ሲያገባት የአማርኛ ፊደል አታውቅም ነበር። ሐረር ተምሮ የመጣው ጃማ ነው የስኳር መጠቅለያ ካኪ ወረቀት እየዘረጋ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያስቆጠራት። አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጦ «ጸ»ን ስታጣምም እጇን ይዞ አቃንቶላታል። ታዲያ አሁን ወተት ሻጭ ሳይቀር በእሷ ስም ስትጠራው፣ ባጎረስኩ ተነከስኩ አለ በልቡ። ማንም አልነከሰውም እኮ። ደግሞም ወደ ኮምፒውተሩ የገፋት እሱ ራሱ ነው። ዓምና የእንስሳት ክትባት ፕሮጀክቱ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲመጣለት፣ ኃላፊው አቶ ዐብዲዐዚዝ ከመዝገብ ቤት ጃማ ይሠልጥን ብለው ነበር። ጃማ ግን ይህ የጣት ሥራ ነው፣ ለሴት ይሻላል ብሎ እዚያው በኮንትራት የክትባት ካርድ የምትሞላውን ሚስቱን ጠቆመ። ጠረጴዛው ላይ አምስት እስክሪብቶ የሚደረድር ሰው ቁልፍ ሊመታ አይቀመጥም ብሎ ነው።

ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ከኃላፊው ቢሮ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ነው። ፕሪንተሩ ግን ሲያትም እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ አቶ ዐብዲዐዚዝ ራሴን አሞኛል ብለው አስወጡት፤ ከድሬዳዋ የመጣው ባለሙያ፣ ሳቢር የሚባለው፣ ግድግዳውን በስቶ አሥራ ሁለት ሜትር ገመድ አሳለፈና መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከጃማ ወንበር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አስቀመጠው። ገመዱ ስለረዘመ ፍጥነቱን ቀነሰው፤ አንድ ገጽ ለመውጣት ሻይ ያስጠጣል። እንግዲህ ጃማ ከደገሀቡር፣ ከአፍደም፣ ከደምበል የመጡ የክትባት ሪፖርቶችን ሲያደራጅ ይቆይና ድንገት በጎኑ ያ ዕቃ ይነሳል። ሚስቱ ከግድግዳው ወዲያ የጻፈችው ከግድግዳው ወዲህ መስመር በመስመር ይወጣል። ጃማ ተነስቶ ወረቀቱን ይቀድዳል፣ ዳርና ዳሩን ባለ ቀዳዳውን ጠርዝ ይገነጥላል፣ ያደርስላታል። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ። አንድ ቀን አቶ ዐብዲዐዚዝ «ወሪያ ጃማ፣ የዐናብን ወረቀት አምጣ» ብለው በኮሪደር ሲጠሩት ዘበኛው ሰምቶ ሳቀ።

ዐናብ በዚህ ሁሉ መሐል በጃማ ልብ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ አታውቅም። ከሥራ ወጥተው ሻሂ ሲጠጡ የዋለችውን ሁሉ ትነግረዋለች። ለሌላ ሰው ምንም አትናገርም፤ ለእሱ ግን ታወራለች፤ የተማረችውን መልሳ ለአስተማሪዋ የምታሳይ ይመስላታል። የሶማልኛው ፊደል ላቲን ስለሆነ ፕሪንተሩ ውስጥ ሲፈጠር ጀምሮ እንዳለ፣ የአማርኛው ግን እንደሌለና በየጠዋቱ በገመዱ ተልኮ እንደሚሞላለት የነገረችው እሷ ናት። መላኪያውን ቃል ሰሃን እያጠበች ታነበንበዋለች፤ ኮፒ፣ ስላሽ ቢ፣ ፊደል፣ ኮም አንድ። «ቢ»ዋን ከረሳሃት ፊደሉ ገና መንገድ ሳይጀምር ይቆማል ትለዋለች። ከተላከ በኋላም ፕሪንተሩ ለአፍታ ቢጠፋ የአማርኛው ሁሉ ይረሳዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ይህን አያውቅም፤ እሱ ልኬያለሁ ብሎ ይቀጥላል፤ የሚወጣው ግን ማንም የማያነበው ነገር ነው። ደግነቱ የክትባት ማቀዝቀዣው እንዳይሞቅ ጄኔሬተሩ ቀኑን ሙሉ ስለማይቆም መብራት አይጠፋም። ይህን በመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰው ያውቃል፤ ዐናብና ዐናብ የነገረችው።

ያን ማክሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የኮምፒውተሩን ሥራ ያያል፤ ካመነበት ዐናብ ቅዳሜ ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ትሄዳለች። ኮንትራቷ ሰኔ ላይ ያልቃል። ከሥልጠናው የምስክር ወረቀት ይዞ የተመለሰ ቋሚ ይሆናል፤ ሌላው የኮንትራት ሠራተኛ በሰኔ መጨረሻ ይሰናበታል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ መሐል መንገድ የለውም። ዐናብ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በወጉ አልወሰዳትም ነበር። ጃማ ወተቱን ይዞ ሲገባ መቶ ሃያ ብር በሚከፍሉባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ አልጋውና የልብስ ሳጥኑ መሐል በቀረችው ቦታ ቆማ፣ ለእንግዳው የምታትመውን የአማርኛ ደብዳቤ በእጅ የገለበጠችውን ታነባለች። ስሕተት ካለ እይልኝ ብላ ሰጠችው። ጃማ ቆሞ አነበበ፤ አንድ «ዐ» በ«አ» ተጽፋ አገኘና ደስ አለው። አለቅጥ ደስ አለው። እሷ ግን አመስግና፣ አንተ ባትኖር አፍሬ ነበር ብላ አረመችው። ለቁርስ ላሆህ፣ የሶማሌውን ስስ እንጀራ፣ በወተት ሻሂ አቀረበችለት። ከዚያ ጃማ ደብዳቤው ሌላ ስሕተት ስለሌለው ተናደደ።

ቢሮ ሲደርሱ ጠዋቱ በሰላም አለፈ። ዐናብ ፊደሉን ላከች፣ ሞከረች፣ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ጃማ ቀድዶ አደረሰላት። በአምስት ሰዓት ላይ የጽሕፈት መኪና የምትመታው ወይዘሮ ቀለምወርቅ ማህተም ፍለጋ መዝገብ ቤት ገባች። ከሰሜን ሸዋ ባሏን ተከትላ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት። ባለቤትህ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ አለችው። ሦስት ወር ሙሉ ለልጃችሁ ለነስራ ሩዝ የሚቀቅለው አንተ ነህ እንግዲህ፣ ስትመለስ ደግሞ በደረጃም ልትበልጥህ ነው ብላ ሳቀችና ማህተሙን ይዛ ወጣች። ክፋት የለባትም። ጃማም አብሮ ሳቀ። በደረጃ ልትበልጥህ ነው። እውነት መሆኑን እስካሁን አስቦት አያውቅም። ቋሚ ከሆነች ደመወዟ ከእሱ በሰባ ብር ይበልጣል፤ በደመወዝ መክፈያው ላይም ስሟ ከስሙ በላይ ይሰፍራል። ያን ዝርዝር ደግሞ በየወሩ እያወጣ ለገንዘብ ያዡ የሚወስደው እሱ ነው።

በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ወጣ። ዐናብ ሰግዳ፣ ልብስ ቀይራ፣ ነስራን አብልታ እመለሳለሁ ብላ ብቻዋን ሄደች፤ ጃማ የማደራጀው ፋይል አለኝ ብሎ ቀረ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ዉዱእ አደረገ፣ በመጋዘኑ ጥላ ሥር ዙሁር ሰገደ፣ ተመልሶ መዝገብ ቤት ገባ። ውሃው ከክንዱ ገና አልደረቀም ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፕሪንተሩን አየው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከወዲያ ጄኔሬተሩ ይሰማል። ብዙ አሰበ ማለት ውሸት ይሆናል። አስቦ ቢሆን ኖሮ ስለ ሰኔ ያስብ ነበር፤ ደመወዟ ቢቋረጥ የኪራዩ እኩሌታ ከየት እንደሚመጣ ያስብ ነበር። አሁን የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ከሰዓት፣ በሰው ፊት፣ ሳታውቀው እንድትቀር። እጁን በጎን አዞረና ማጥፊያውን ተጫነ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። እስከ ሃያ ቆጠረና መልሶ አበራው፤ ጭንቅላቱ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ሄዶ ተመለሰ፣ መብራቷም በራች። ማንም ቢያየው ምንም የሆነ አይመስልም። ጃማ የደገሀቡርን ፋይል ከፍቶ በቀን ተራ መደርደር ጀመረ።

እንግዳው በዘጠኝ ሰዓት መጣ፤ መነጽር ያደረገ፣ ጥድፊያ ያለበት፣ በነገታው በጠዋት የሚመለስ ሰው ነው። አቶ ዐብዲዐዚዝ አብረውት፣ ወይዘሮ ቀለምወርቅም ከበሩ ላይ ሆና ለማየት ቆማለች። ጃማ ከግድግዳው ወዲህ ሆኖ ሁሉን ይሰማል። ዐናብ በቀስታ፣ ቃሉን እየመረጠች፣ ደብዳቤው በሁለት ቋንቋ እንደሆነ አስረዳች። መጀመሪያ የሶማልኛው ወጣ። ጥርት ያለ። ጃማ ወሰደላቸው፤ እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። ጃማ ተመልሶ ቆመ። ፕሪንተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሳ፤ ጃማም ከራሱ እጅ የወጣውን ሥራ መስመር በመስመር አነበበ። የጥያቄ ምልክት፣ የዶላር ምልክት፣ የቀንድ ቅርጽ፣ የተቆራረጠ መስመር። ያን ጊዜ እንኳ መመለስ ይችል ነበር፤ ወረቀቱ ተጣብቋል፣ አንዴ ቆዩኝ ብሎ መጥራት ይበቃ ነበር። ጠርዙን ገነጠለና ይዞት ሄደ። ለእንግዳው ሳይሆን ለዐናብ ሰጣት።

አየችው። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ጄኔሬተሩ ጣል አደረገች፤ እንዳልቆመ ሰማች። ከዚያ ጃማን አየችው። ረጅም ጊዜ አላየችውም፤ የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ ያየ ሰው እስኪለይ ድረስ ያህል ብቻ። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ እጆቿንም በላዩ ላይ። አቶ ዐብዲዐዚዝ ምንድን ነው የሆነው ብለው ጠየቁ። ፕሪንተሩን ማን ነካው ብለው ወደ ጃማ ዞሩ። የካቲት ላይ የማቀዝቀዣውን ሶኬት ለሬዲዮው ሲል የነቀለ ዘበኛ በዚያው ቀን መባረሩን፣ አሥራ አምስት ቀንም መታሰሩን ሁሉም ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አለች ዐናብ። «ምሳ ስወጣ አጥፍቼው ሄድኩ። ረስቼው ነው።»

ከዚያ ፊደሉን መልሶ የመላኩን፣ ሦስት ደቂቃ የሚፈጀውን ሥራ ልትሠራው ስትችል አልሠራችውም። ያን ቃል በየቀኑ ሰሃን እያጠበች የምታነበንብ ሴት ቁልፉን እያየች ተቀመጠች። እንግዳው ሰዓቱን አየ። ወይዘሮ ቀለምወርቅ ዓይኗን ወደ ኮሪደሩ መለሰች። ለሚያያት ሰው የማታውቅ ትመስላለች። ጃማ የፈለገው ይህን ነበር፤ አገኘውና ሊያየው አልቻለም። ይህን ነገር ልመልሰው፣ አሁኑኑ ልመልሰው አለና፣ ይቅርታ ብሎ ከጎኗ አጎንብሶ በሁለት ጣቱ እየፈለገ መታ፤ ኮፒ፣ ስላሽ ቢ፣ ፊደል፣ ኮም አንድ። ዐናብ ወንበሯን ወደ ኋላ ስባ ቦታ ለቀቀችለት።

ፊደሉ በገመዱ እስኪሄድ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው የለም። እንግዳው ምን እየሆነ ነው ብሎ ጠየቀ። ጃማም በዚያ ሐረር በተማረው፣ ለአራት ማመልከቻ መልስ ባላመጣው አማርኛው አስረዳ። የሶማልኛው ፊደል በውስጡ እንዳለ፣ የአማርኛው ግን ከውጭ እንደሚላክ፣ ሲጠፋ እንደሚረሳው፣ ኮምፒውተሩ ግን መረሳቱን እንደማያውቅ፣ «ቢ»ዋ ከተረሳች ምን እንደሚሆን። አንዲት ቃል የእሱ አልነበረችም። በየቀኑ ሻሂ ላይ የሰማውን ነው፣ እንዳለ፣ በእሷው ቅደም ተከተል የደገመው። ባለቤቴ ናት የነገረችኝ ማለት ነበረበት። ሊለው አስቦ ነበር፤ ግን እንግዳው መነጽሩን አውልቆ በአክብሮት ይሰማው ጀመር፤ ሰው እንዲህ ከሰማው ደግሞ ዘመን አልፎታል። ደብዳቤው በድጋሚ ታተመ፤ ጃማ ራሱ ሄዶ አመጣው፤ አንዲት ፊደል ሳትጎድል። «ይህ ሰው እያለ ሌላ ለምን ታጭቶ ነበር?» አለ እንግዳው። አቶ ዐብዲዐዚዝም እፎይ ሲሉ ፊታቸው ላይ ታየ። ባለትዳር ሴት ሦስት ወር ብቻዋን አዲስ አበባ መላካቸው ሲታማ ከርሟል፤ እንዲህ ያለ ምክንያት በእግሩ ሲመጣ የሚመልስ ኃላፊ አይገኝም። እንግዲህ ቅዳሜ ተዘጋጅ አሉት። ጃማ እሷ ትሂድ ሊል አፉን ከፈተ።

«እንዳዘዛችሁ» አለ።

ከቢሮ እስከ ቤት ሃያ አምስት ደቂቃ በእግር ነው፤ አብረው ሄዱ። ዐናብ መንገድ ላይ ቲማቲም ገዛች፤ ኪሎው ሁለት ብር ሆኗል፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ከሃምሳ ነበር አለች። ጃማ አዎ ውድ ነው አለ። ለእሷ ሌላ ጊዜ ዕድል እንደሚመጣ፣ ለአቶ ዐብዲዐዚዝ ነገ ጠዋት ገብቶ ሁሉን እንደሚነግራቸው እያሰበ ሄደ፤ ግን ነገ ጠዋት ገብቶ ሲናገር ራሱን በዓይነ ሕሊናው ሊያየው ሲሞክር፣ የሚያየው መነጽሩን አውልቆ የሚሰማውን እንግዳ ብቻ ሆነ። ቤት ሲደርሱ ነስራ ሮጣ እናቷን ጨመደደችና ቅዳሜ ስትሄጂ ምን ታመጭልኛለሽ አለቻት። ዐናብ የሚሄደው አባትሽ ነው፣ እሱን ጠይቂው አለቻት። ልጅቱ ወዲያው ወደ እሱ ዞራ ብስኩትና ባለ መብራት ጫማ አዘዘች። ጃማ እሺ አላት።

ሻሂው ፈላ፣ ቀረበ። ዐናብ አልተቀመጠችም። ፀሐይዋ ገና በመስኮቱ ሳለች የጃማን ልብሶች ከሳጥኑ አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋች፤ አዲስ አበባ ይበርዳል፣ ሹራቡን ውሰደው አለችው፤ ካልሲዎቹን አገጣጠመች፤ የላላ ቁልፍ አጠበቀች። ጃማ ብርጭቆውን እንደያዘ በሩ ሥር ተቀምጦ አያት። እንደሌላው ቀን የዋለችውን እንድትነግረው ጠበቀ፤ አንዲት ቃል ብትጀምርለት፣ ብትቆጣ፣ ብትሰድበው፣ እግሯ ላይ ወድቆ ይናዘዝ ነበር። ሁለተኛውን ሸሚዝ አጥፋ ስትጨርስ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«በማጥፊያው ነው ያጠፋኸው ወይስ የመብራቱን ገመድ ነቅለህ?»

ጃማ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። «በማጥፊያው» አለ።

«ደህና። ገመዱን ብትነቅለው ኖሮ ይበላሽ ነበር፤ ከሰኔ በኋላ የምትሠራበት አንተ ነህ» አለችና ሦስተኛውን ሸሚዝ እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች።

ጃማ ሸሚዙን አቀበላት።